የሰረዝ ዋጋ፦ ከበርክሌይ የመመሪያ ገጾች እስከ ነጋሪት ጋዜጣ

በጁላይ 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ግሮፍ» የተባለው የቆየ የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም 1.23 የተሰኘውን ዕትሙን አወጣ። ከለውጦቹ አንዱ ሰረዝን የሚመለከት ነበር። ለኮምፒዩተር ትእዛዝ ስንሰጥ ከአማራጩ ፊደል በፊት የምናኖራት አጭር ሰረዝ፣ በኅትመት ሙያ ሁለት ቃላትን የምታያይዘው ሰረዝ እና የሒሳብ መቀነሻ ምልክት ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለማሽኑ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ምልክቶች ናቸው። ፕሮግራሙ ለዓመታት የጸሐፊዎችን ስሕተት እየሸፈነ፣ የማያያዣ ሰረዝ ተጽፎ ቢያገኝ የትእዛዙን ሰረዝ በስክሪን ላይ ያሳይ ነበር። አዲሱ ዕትም ይህን ምሕረት አነሣና የተጻፈውን እንደ ተጻፈ ማሳየት ጀመረ። ስለዚህ ከመመሪያ ገጽ ላይ ትእዛዝ ቀድቶ የለጠፈ ሰው፣ የለጠፈው ነገር ፊደል በፊደል ትክክል ሆኖ እየታየው፣ ኮምፒዩተሩ «እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም» ይለው ጀመር። በዚያው ገጽ ውስጥ አማራጩን በፍለጋ ቢሻውም ያጣዋል።

በሙያው ሰዎች መካከል ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን ጥፋቱ የገጾቹ ጸሐፊዎች ነውና ገጾቹ ይታረሙ አለ። ሌላው ወገን ደግሞ በኀምሳ ዓመት ውስጥ እጅግ ብዙ ሰዎች የጻፏቸውን፣ ከፊሎቹም ጸሐፊዎቻቸው በሕይወት የሌሉባቸውን ገጾች ማን ያርማቸዋል ሲል ጠየቀ። «ደቢያን» የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት በመጨረሻ ለተጠቃሚዎቹ የቀድሞውን ምሕረት መለሰላቸው። ገጾቹም እስካሁን አንድ በአንድ፣ በፈቃደኞች እጅ፣ እየታረሙ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት የሰነፎች ጭቅጭቅ ይመስላል። እኔ ግን የሶፍትዌር መመሪያ ገጾች እርማት ታሪክ ለእኛ፣ ማለትም በሁለት ቋንቋ ለምንሠራ፣ ሕግና ፖሊሲ ለምናነብ ሰዎች፣ ከሌሎች ብዙ የቴክኖሎጂ ታሪኮች ይልቅ የሚቀርብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የአቀራረብ ስሕተት የሚባለው ነገር አንድ ጽሑፍ ይገኝ አይገኝ፣ ይሥራ አይሥራ፣ የማንስ ንብረት ይሁን የሚሉትን ጥያቄዎች ሲወስን በዚህ ታሪክ ውስጥ በግልጽ ይታያል። የታሪኩ እኩሌታ ደግሞ ብዙዎቻችን በምንኖርበት በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የተፈጸመ ነው።

መነሻው ግን ኒው ጀርሲ ነው። ኬን ቶምፕሰን እና ዴኒስ ሪቺ በቤል ቤተ ሙከራ የሠሩት የዩኒክስ ሥርዓት የመጀመሪያው መመሪያ ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ወጣ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ቡድኑ አዲስ ኮምፒዩተር የተገዛለት ለቤተ ሙከራው የፓተንት ክፍል የጽሑፍ ማሰናጃ እናዘጋጃለን በማለቱ ነበር፤ የሥርዓቱ ቀደምት እውነተኛ ተጠቃሚዎችም የፓተንት ማመልከቻ የሚተይቡ ጸሐፊዎች ናቸው። ማሰናጃው «ሮፍ» ይባል ነበር፤ ዘሩ ጀሮም ሳልትዘር በ1964 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከሠራው ፕሮግራም ይመዘዛል። አሠራሩ ቀላል ነው። በነጥብ የሚጀምር መስመር ለማሽኑ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ «አንቀጽ ጀምር»፣ «ርእስ አድርግ»፣ «አድምቅ» ይላል። የቀረው ለሰው የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

የ1971ዱ መመሪያ እያንዳንዱን ትእዛዝ የሚገልጸው በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ነው፦ ስም፣ አጻጻፍ፣ መግለጫ፣ ፋይሎች፣ ተዛማጅ ገጾች፣ የስሕተት መልእክቶች፣ ጉድለቶች። «ጉድለቶች» የሚለው ርእስ ትንሽ ያስቆማል። ሠሪው ራሱ የሠራው ነገር የት የት እንደሚከሽፍ በይፋ ይጽፋል ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ «መመሪያ» የሚለው ቃል ከአዋጅና ከደንብ በታች ያለውን የመንግሥት ሰነድም ይጠራልና፣ አንድ የሚኒስቴር መመሪያ በመጨረሻው ገጹ ላይ «ጉድለቶች» የሚል ርእስ ይዞ ቢወጣ ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ይህን የአጻጻፍ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ የጠበቀው የቡድኑ ኃላፊ የነበረው ዳግላስ ማክኢልሮይ ነው። በ1979 ለወጣው ለሰባተኛው ዕትም መመሪያውን ያሰናዳውና እስከ ዛሬ ድረስ የመመሪያ ገጾች የሚጻፉባቸውን የአቀራረብ ትእዛዞች ያዘጋጀው እርሱ ነው። ማክኢልሮይና ባልደረቦቹ ደጋግመው የመሰከሩት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ፕሮግራሞች የተስተካከሉት መመሪያቸው ሲጻፍ ነው። አንድ ትእዛዝ የሚሠራውን በሁለት አንቀጽ ለመግለጽ የተቸገረ ሰው፣ ችግሩ ከብዕሩ ሳይሆን ከፕሮግራሙ መሆኑን ይረዳና ተመልሶ ፕሮግራሙን ያቃናዋል። ከ2004 ጀምሮ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል የሊኑክስን መመሪያ ገጾች የጠበቀው ማይክል ኬሪስክም ይህንኑ ተናግሯል፤ ገጽ ሊጽፍ ተቀምጦ የሥርዓቱን የንድፍ ስሕተት ያገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚያ ዘመን የመጣ ሌላ ልማድ አለ፤ ወደ ፊደላችን ስንደርስ ስለምመለስበት እዚህ ላነሣው ይገባል። ብራያን ከርኒሃን በ1974 ለጀማሪዎች በጻፈው ማስተዋወቂያ ላይ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአዲስ መስመር ጀምሩ ብሎ መክሯል። አንዱ ምክንያት ለማረም መመቸቱ ነው። ሌላው ምክንያት የላቲን ነጥብ ነው። በላቲን አጻጻፍ አንዲቱ ነጥብ ዓረፍተ ነገር ትዘጋለች፣ ቃል ታሳጥራለች፣ ቁጥርም ትከፍላለች። ማሰናጃው የትኛዋ የትኛዋ እንደ ሆነች ስለማያውቅ፣ በመስመር መጨረሻ ላይ የዋለችውን ብቻ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ አድርጎ ይወስዳታል። ዛሬም የመመሪያ ገጽ አራሚዎች ከሚያነሡአቸው ተደጋጋሚ ስሕተቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ዓረፍተ ነገር በመስመር መካከል ተዘግቶ ሌላው ከጎኑ ሲቀጥል።

ቴሌግራፍ ጎዳናን የአገራችን ሰው በኦክላንድ በኩል፣ በምግብ ቤቶቹ ያውቀዋል። ጎዳናው ወደ ሰሜን ሲዘልቅ የሚያበቃው በርክሌይ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ነው። ከዚያ ጥቂት በእግር ተጉዞ በሚደረስበት ኤቫንስ አዳራሽ በተባለው ሕንፃ ውስጥ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ምርምር ቡድን ይሠራ ነበር። ቡድኑ ከቤል ቤተ ሙከራ የመጣውን ዩኒክስ እያሻሻለ «ቢኤስዲ» በሚል ስም ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች ያከፋፍል ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የምርምር ክንድ ከ1980 ጀምሮ ገንዘብ ሰጥቶታል። ችግሩ የባለቤትነት ነበር። የበርክሌይን ሥራ የሚወስድ ሁሉ ከቴሌፎን ኩባንያው ከኤቲ ኤንድ ቲ ፈቃድ መግዛት ነበረበት፤ የፈቃዱም ዋጋ በ1980ዎቹ ውስጥ ከፍ እያለ ሄደ። ቡድኑ በጁን 1989 ራሱ የጻፈውን የኔትወርክ ክፍል ለይቶ በነፃ አወጣ። ቀጥሎ ኪት ቦስቲክ የቀሩትን መገልገያዎች በሙሉ እንደ አዲስ ማስጻፍ እንደሚቻል ተከራክሮ ፈቃደኞችን መጥራት ጀመረ።

ፈቃደኞቹ የኩባንያውን የፕሮግራም ጽሑፍ ማየት አይፈቀድላቸውም ነበር። በእጃቸው የነበረው የታተመው መግለጫ፣ ማለትም የመመሪያው ገጽ ነው። ገጹ ትእዛዙ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ በትክክል ከነገራቸው፣ የማንንም ንብረት ሳይነኩ ያንኑ የሚሠራ አዲስ ፕሮግራም ይጽፋሉ። ገጹ ከተሳሳተ ግን አዲሱ ፕሮግራም ይሳሳታል። በዚህ ሰዓት መመሪያው የፕሮግራሙ ጭራ መሆኑ ቀርቶ ድልድይ ሆነ። በጁን 1991 ሁለተኛው ነፃ ሥርጭት ወጣ። በ1992 የኤቲ ኤንድ ቲ ንዑስ ኩባንያ መጀመሪያ ሥርጭቱን የሚሸጠውን ድርጅት፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ። ጉዳዩ በ1994 መጀመሪያ በስምምነት ሲያልቅ፣ ከ18,000 ፋይሎች ውስጥ እንዲወጡ የተወሰነባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ። ሰባ ያህል ፋይሎች ላይ ደግሞ የባለቤትነት ማስታወሻ ተጨመረ። ያን ያህል ነው።

በዚያው ዘመን ሲንቲያ ሊቪንግስተን የተባለች ባለሙያ የበርክሌይን መመሪያ ገጾች አቀራረብ ከሥሩ ለወጠችው። በማክኢልሮይ ሥርዓት ጸሐፊው ለማሽኑ «ይህን ቃል አድምቀው፣ ያንን አጋድመው» ይላል። ለምን እንደሚደምቅ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። አንዱ ጸሐፊ የፋይል ስም ሲያደምቅ ሌላው ያጋድማል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይረሳል። ሊቪንግስተን ያዘጋጀችውና «ኤምዶክ» የተባለው፣ ከ4.4 ቢኤስዲ ጋር የተሰራጨው ሥርዓት ግን ጸሐፊውን የሚጠይቀው የነገሩን ምንነት ነው። ይህ የትእዛዝ አማራጭ ነው፣ ይህ ተጠቃሚው የሚተካው ቃል ነው፣ ይህ የፋይል መንገድ ነው፣ ይህ ወደ ሌላ ገጽ የሚመራ ማጣቀሻ ነው ይላል። መድመቁንና መጋደሙን ማሽኑ ለሁሉም ገጾች በአንድ ሕግ ይወስነዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን በቀይ ቀለም የሚጽፉት ለማስዋብ ብቻ አልነበረም። የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፍ መጀመሪያ፣ አንዳንዴም መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም በቀይ ይሆናል። አንባቢው ገጹን ገና ሳያነብ ዓይኑን ጣል አድርጎ ስሙ የት እንዳለ ያውቃል። ጸሐፊው በጥቁር ቢያልፈው፣ ቃሉ ሳይጎድል ስሕተት ተሠርቷል፤ አራሚ በቢላ ፍቆ በቀይ ይመልሰዋል። ሊቪንግስተን ያደረገችው ቀይ ቀለሙ ለምን እንደ ዋለ በጽሑፉ ውስጥ ተመዝግቦ እንዲቀር ነው።

ፍሬው ዘግይቶ ታየ። በ2008 ክሪስታፕስ ጆንሰንስ «ማንዶክ» የተባለውን ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ይህ ፕሮግራም ገጾቹን ከማሳየት አልፎ ስሕተታቸውን እየለቀመ ይናገራል፤ ባዶ አንቀጽ፣ በመስመር መጨረሻ የተረሳ ክፍተት፣ ወደሌለ ገጽ የሚመራ ማጣቀሻ፣ ቦታውን የለወጠ ርእስ። ከዚህም በላይ ገጾቹ ምንነትን ስለመዘገቡ፣ «ይህን ተለዋዋጭ የሚያነሡ ገጾች የትኞቹ ናቸው?» ብሎ መጠየቅና መልስ ማግኘት ተቻለ። «አድምቅ» ብቻ ከሚሉት ገጾች ይህን መልስ ማውጣት አይቻልም፤ መረጃው መጀመሪያውኑ አልገባባቸውምና። ከሁለት ዐሥርታት በፊት የተዘራ ነው እንዲህ የታጨደው። በዚያ ሕንፃ ከነበሩት መካከል ቢል ጆይ ሰን ማይክሮሲስተምስን ከመሠረቱት አንዱ ሆኖ ዓለም ያውቀዋል፤ የሊቪንግስተንን ስም ዛሬ የሚያነሡት የመመሪያ ገጽ የሚያርሙ ሰዎች ናቸው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በእያንዳንዱ ገጽ መጀመሪያ ላይ «ስም» በሚለው ርእስ ሥር አንድ መስመር አለ፤ የትእዛዙ ስም፣ ሰረዝ፣ አጭር መግለጫ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበርክሌይ ሥርጭት ውስጥ የነበረ የፍለጋ መሣሪያ ማውጫውን የሚሠራው ከዚህች መስመር ነው። መስመሯ ከሥርዓቱ ውጭ ከተጻፈች ገጹ በኮምፒዩተሩ ውስጥ እያለ በፍለጋ አይገኝም። ስሙን አስቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ይከፍተዋል፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ፍለጋውን የሚያስፈልገው እምብዛም ነው።

ከበርክሌይ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሳን ሆዜ አቅጣጫ ለሚነዳ ሰው ማውንቴን ቪው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒዩተር ቁጥር የሚሰጠው የዩኒኮድ ማኅበር ለብዙ ዓመታት አድራሻው በዚያች ከተማ ነበር። ሐሳቡ የተጸነሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚሁ ሰፈር፣ በዜሮክሱ ጆ ቤከርና በአፕል ባልደረቦቹ በሊ ኮሊንስና በማርክ ዴቪስ መካከል ሲሆን፣ ማኅበሩ በጃንዋሪ 1991 በካሊፎርኒያ ሕግ ተመዘገበ። ፊደላችን በ1999 በ3.0 ዕትም 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። ከዚያ በፊት በውጭ የሚኖሩ ወገኖች፣ ከእነርሱም በካሊፎርኒያ የ«ዳሸን»ን ፕሮግራም ያዘጋጀው ፍሥሐ አትላውና «ሞድኤት»ን የሠሩት ዶክተር አበራ ሞላ፣ በ1980ዎቹ ፊደሉን በኮምፒዩተር ላይ አውለውት ነበር። በአገር ቤትም ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በየመሥሪያ ቤቱ ተስፋፉ። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቁጥር ይጠቀም ነበር፤ ብዙዎቹም የአማርኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። በስክሪን «ሀ» ሆኖ የሚታየው በውስጡ የላቲን ፊደል ነው። የፊደሉ ቅርጽ ፋይል ከጠፋ ጽሑፉ የማይነበብ የላቲን ዝብርቅ ይሆናል።

ዩኒኮድ ስለ እርማት ከበርክሌይ የተለየ ሕግ አለው። የመመሪያ ገጽ ሁልጊዜ ይታረማል። በዩኒኮድ ግን ለአንድ ምልክት የተሰጠ ቁጥርና ስም ለዘለዓለም አይለወጥም፤ የተሠሩ ፕሮግራሞች እንዳይፈርሱ። ከታወቁት ስሕተቶች አንዱ በ2005 የገባ የቅንፍ ምልክት ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ «ቅንፍ» የሚለው ቃል ሁለት ፊደላት ተዘዋውረው ተመዘገበ። ስሕተቱ ታወቀ፣ ተመሰከረለት፣ ትክክለኛው አጻጻፍም በተለዋጭ ስምነት ተጨመረለት፤ የመጀመሪያው ስም ግን እንደ ተሳሳተ ይኖራል። የእኛም ፊደላት ስም እንዲሁ ቆሟል። ንጉሡ ሠ በዚያ መዝገብ «ስዛ» ይባላል።

የምልክቶቹ ጠባይ ግን ይታረማል። የግዕዝ አኃዞች ከ፩ እስከ ፱ መጀመሪያ የተመዘገቡት እንደ ዐረብ አኃዞች፣ በቦታቸው ዋጋ የሚያገኙ ዐሥርዮሽ አኃዞች ተደርገው ነበር። ይህ የአቀራረብ ዝርዝር ይመስላል። ነገር ግን በግዕዝ አቆጣጠር ዜሮ የለም፤ ዐሥር ራሱን የቻለ ፲ አለው፤ 2017 ፳፻፲፯ ተብሎ ይጻፋል። በመዝገቡ የተማመነ ፕሮግራም ፩ን እና ፪ን ጎን ለጎን ቢያገኝ ዐሥራ ሁለት ብሎ ያነባቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምድባቸው ተለወጠ። ፊደላትም ተጨምረዋል፤ በ2005 ለብሊንና ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ በ2010 ለጋሞና ለጉሙዝ፣ በ2021 እንደገና ለጉራጌኛ። እያንዳንዱ ጭማሪ በጽሑፍ ማስረጃ ተደግፎ፣ በጠያቂዎች ስም፣ ለሁሉ ክፍት ሆኖ የተመዘገበ ነው። በግዕዝ ፊደል በኩል ከሠሩት መካከል የዳንኤል ያዕቆብ ስም ተደጋግሞ ይገኛል፤ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ2002 የተጀመረው የፊደላት ምዝገባ ውጥንም ለብዙ አናሳ ፊደላት ይህን አድካሚ ወረቀት ሲያዘጋጅ ኖሯል።

እንግዲህ መሠረቱ ቆሟል። በላዩ የምንጽፈው ግን ምን ዓይነት ነው? ከላይ የላቲን ነጥብ ሦስት ሥራ ደርባ ማሽኑን እንደምታደናግር ተናግሬ ነበር። አራት ነጥብ ይህ ችግር የለባትም። «።» ቃል አታሳጥርም፤ ቁጥርም አትከፍልም፤ «ዓ.ም.» ብለን ስናሳጥር የምንጠቀመው ሌላ ነጥብ ነው። ዩኒኮድም የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ብሎ መዝግቧታል። ላቲን ጸሐፊዎች በከርኒሃን ምክር የሚፈቱትን ችግር አባቶቻችን በፊደሉ ውስጥ ፈትተውት ነበር ማለት ነው። እኛ ደግሞ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር ስንጽፍ በቦታዋ ሁለት የላቲን ኮለኖችን እንደረድራለን። ለዓይን ያው ነው፤ ለማሽኑ ዓረፍተ ነገሩ አልተዘጋም። ጽሑፉን ወደ ዓረፍተ ነገር የሚከፋፍለው የትርጉም ፕሮግራም ሦስት አንቀጽ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይውጣል። ከ2023ቱ ሰረዝ ጋር አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። ልዩነቱ፣ የሰረዙን ጉዳይ የሚከራከሩበት የታወቁ ኃላፊዎችና የተጻፈ የአጻጻፍ ሕግ አላቸው።

የሞክሼ ፊደላትም ነገር እንዲሁ ነው። «ሥራ»ን በንጉሡ ሠ የጻፈው ሰነድ በእሳቱ ሰ ለሚፈልግ አይገኝም። ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው ክርክር ትውልዶችን አሳልፏል፤ እኔ ይቆዩ ከሚሉት ወገን ነኝ። ለፍለጋ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ መሥሪያ ቤት በራሱ ሰነዶች የሚጠቀምበትን አጻጻፍ በሁለት ገጽ ጽፎ ቢያወጣ ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የሕግ ጽሑፍ ነው። በ1995 የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተም፣ ሁለቱ ቢለያዩ አማርኛው እንዲጸና ይደነግጋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የወጡና ዛሬ በየድረ ገጹ ከሚዘዋወሩት የአዋጅ ቅጂዎች ብዙዎቹ ወይ ከወረቀት በፎቶግራፍ የተነሡ ናቸው፣ ወይ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፊደላት የተሰናዱ ናቸው። በሁለተኛዎቹ ውስጥ የእንግሊዝኛው ዓምድ በፍለጋ ይገኛል፤ ሊቀዳም ይችላል። የአማርኛው ዓምድ ተቀድቶ ሲለጠፍ የላቲን ዝብርቅ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ፣ ጠበቃ ወይም ጋዜጠኛ ሕጉን በፍለጋ የሚያገኘው በማይጸናው ቋንቋ ነው። የሚጸናው ጽሑፍ ለማሽኑ የለም። በዚህ ላይ የሚሠለጥኑት የቋንቋ ሞዴሎችም የኢትዮጵያን ሕግ የሚያውቁት በትርጉሙ በኩል ይሆናል።

ቅጂዎቹን ወደ ዩኒኮድ መመለስ በአብዛኛው የማሽን ሥራ ነው፤ የየፕሮግራሙ የቁጥር ሰንጠረዥ ከታወቀ ፊደሉ በፊደል ይተካል። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። መለወጫው የአንድን ፊደል ካዕብ ከሳድስ ቢያምታታ፣ በአዋጅ ውስጥ «ይችላሉ» እና «ይችላል» ሊቀያየሩ ይችላሉ። ጋዜጣው የራሱን የኅትመት ስሕተት የሚያርምበት የታወቀ መንገድ አለው፤ «ማረሚያ» ብሎ ያወጣል። ፈቃደኞች የለወጡት ቅጂ ግን ማረሚያም ሕግም አይደለም። አንባቢው እንዲያምነው ከዋናው ጋር ማን እንዳመሳከረው፣ መቼ፣ የትኛውን ቃል እንዳረመ የሚያሳይ ክፍት መዝገብ ያስፈልገዋል። የመመሪያ ገጽ አራሚዎች ይህን መዝገብ ለእያንዳንዷ ሰረዝ ይይዛሉ።

ለማመሳከሪያ የሚሆን ነገር በእጅ አለ። ሁለቱ ዓምዶች አንቀጽ በአንቀጽ ጎን ለጎን ናቸው፤ በአማርኛው ያጠራጠረ ቃል ካለ የእንግሊዝኛው አንቀጽ የት እንደ ሆነ ይጠቁማል፤ የወረቀቱ ቅጂ ደግሞ ይፈርዳል። ሥራው የሚጠይቀው ፊደል ለይቶ የሚያውቅ ዓይንና ትዕግሥት ነው፤ ከኦክላንድም ከሳን ሆዜም ሆኖ፣ ማታ ማታ፣ ሊሠራ ይችላል። ቦስቲክ የጠራቸው ፈቃደኞች በአብዛኛው እንዲሁ ከየቤታቸው ሆነው ነበር የሠሩት። ክፍያቸው ስማቸው እንደ ገና ከጻፉት መገልገያ ጎን በበርክሌይ የአስተዋጽኦ ዝርዝር ላይ መውጣቱ ነበር።